እሑድ የሚንቀጠቀጥ እጅ

ነቀምቴ (ፖስታ ቤቱ በማኅተሙ ለቀምት የሚላት)
ጥር 5 ቀን 1958 ዓ.ም.

ውድ ሐረግወይን፣

እንደ ደንቡ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ብጀምር አንቺም እንደ ደንቡ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ትመልሺልኛለሽ፤ ሁለታችንም አንዳንድ መስመር እናባክናለን። ደህና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። በኅዳር የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። መልሱን ያዘገየሁት ፖስታ ጠፍቶ ሳይሆን የምመልሰው ነገር አጥቼ ነው። አሁንም ያገኘሁት ግማሹን ነው። ግማሹ ግን አንቺን የሚመለከተው ስለሆነ ሌላው እስኪገኝ ላቆየው አልወደድኩም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ። የአባትሽን እጅ የሚያንቀጠቅጠው የባዜቃው ጭስ ነው ወይ ትያለሽ። ከዚያ ግርጌው ላይ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ያጠፍሽው ይመስለኛል፣ እንዲህ ይላል፦ «ለመስቀል መጥቼ ጉልበቱን ስስመው ፊቱን እንኳ አልፈታልኝም። ከእንግዲህ አልመጣም።» ይኼኛው ላይ የጥያቄ ምልክት አላደረግሽበትም። እኔ ግን እንደ ጥያቄ ነው ያነበብኩት።

ከጭሱ ልጀምር። በአባትሽ ሥራ ብር ላይ ወርቅ ሲለበጥ ወርቁ በባዜቃ፣ በዚያ እንደ ውኃ በሚፈስ ብረት፣ ይቦካል፣ ይቀባል፣ እሳት ላይ ይያዛል፤ ባዜቃው በጭስ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። የሄደው ወዴት እንደሚሄድ ከቤታችን ሰው ማንም ጠይቆ አያውቅም። ወርቁ ከቀረልን ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው ብለን ነበር የምንኖረው። አሁን ባልሽ ዋጋሪ ከሚያስተምርበት መጽሐፍ ላይ ባዜቃ መርዝ መሆኑን አንብበሽ እንቅልፍ አጣሁ ትያለሽ። በ53 ክረምት ዝናቡ ወናፉን እያራሰብሽ ሲያስቸግርሽ «ምድጃውን ወደ ውስጥ እናግባው» ያልሽው አንቺ ነሽና፣ ራስሽ ከሰሽ፣ ራስሽ መስክረሽ፣ ራስሽ ፈርደሻል። አሥራ ስምንት ዓመት የአውራጃ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እንዲህ ያለ ፈጣን ችሎት አላየሁም።

ከሳሽ ግን አንቺ ብቻ አይደለሽም። ከተማው ሞልቷል። ሰው ጌጥ ሲፈልግ «ባለ እጅ» ይለናል፣ ሆዱን ሲቆርጠው «ቡዳ» ይለናል፤ አሁን ደግሞ ባለ እጁ እጁን ሲያመው ያየ ሁሉ የራሱ ምክንያት አለው። ከሁሉ የበረታችው አክስትሽ እትዬ ተናኜ ናት። አንድ ማለዳ ፍርድ ቤት ድረስ መጣችና ባለጉዳዮቹን አስነሥታ ተቀመጠች።

«ዘነበ፣ አንተ መጽሐፍ አነባለሁ ትላለህ። የወንድምህን እጅ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አላየኸውም! ሰኞ ሲሠራ ጸጥ። ማክሰኞ ጸጥ። ረቡዕ ማርያም ነበረች፤ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ተንቀጠቀጠ። ሐሙስ መዶሻውን ሲያነሣ ጸጥ። እሑድማ ዱቄት የሚነፋ ነው የሚመስለው።»

«እና?»

«እናማ በዓል ያውቃል እጁ! ቀን ቆጥሮ ነው የሚንቀጠቀጥ። የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል ወርቅ ሲያለብስ በገብርኤል ዕለት ሠርቷል፤ ‹ለራሱ ለገብርኤል ነው የምሠራው› ብሎኝ ነበር። ይኸው!»

ሥቄ ሸኘኋት። ከዚያ ግን አባትሽ ዘንድ እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። የሚያሳፍረው ነገር፣ ያለችው እውነት ሆኖ ተገኘ። የመቅረጫውን ብረት ሲይዝ እጁ የድንጋይ ያህል ይረጋል። ጉልበቱ ላይ ሲያሳርፈው አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የማይታይ ሰም ያድበለብሉ ይጀምራሉ። በሥራ ቀን ስለማያርፍ በሥራ ቀን አይታይም፤ በበዓል ስለሚያርፍ በበዓል ይታያል። እትዬ ተናኜ ከሁላችን በፊት ትክክለኛውን ነገር አይታ ከሁላችን በበለጠ ተሳስታለች። በዚሁ ስሕተት ጸበል ወሰደችው። ሌሊቱ ሳይነጋ ውርጩ ላይ ቆሞ ሲጠመቅ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ እሷ ምስክር ይሁን ብላ አሳየችኝ። የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። የቄሱም።

ገብርኤልን ማንሣት ሲደክማት ወዳንቺ ትዞራለች። «ልጁ ጥላው ሄዳ ነው፤ ሐዘን ነው የጣለው» ትላለች። ለመስቀል በመጣሽ ጊዜ ጓዳ አስገብታ ይኸንኑ እንደነገረችሽ ሰምቻለሁ። የሚሲዮን ልጅ አግብተሽ ጊምቢ ስትገቢ አባትሽ «ልጅ የለኝም» ማለቱን ሁላችንም ሰምተናል፤ አልክድልሽም። እጁ የጀመረው ግን ያኔ አይደለም። ይህን ያረጋገጠልኝ ፈድሉ ነው።

ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠውን ፈድሉን ታውቂዋለሽ፤ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ አሁን ሁለት ሱቅና ሁለት ሚስት ያለውን። ሱቁ ተቀምጬ ስለ አባትሽ እጅ ሳወራው መሐል ላይ አቋረጠኝ።

«ዛሬ ነው እንዴ የምትነግረኝ፣ አቶ ዘነበ? እኔን እኮ ድሮ ነው ያጣላኝ ያ እጅ!»

«ከማን ጋር?»

«ከትንሿ ጋር ነዋ! ስሟን ቀለበት ላይ ቅረጽልኝ ብዬው፣ ምን እንዳደረገኝ ታያለህ።»

ሁለቱንም ከውስጥ አስጠራቸው። ታላቂቱ ጣቷን ዘረጋች፤ ስሟ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። ትንሿ ስትዘረጋ መነጽሬን አውጥቼም አልሆነልኝ። የጉንዳን እንቁላል ነው የተደረደረ የሚመስለው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል።

«የሷ እንደ ሰንደቅ፣ የኔ እንደ ቅማል!» አለች ትንሿ፣ ገና ትናንት የሆነ ይመስል። «ብሩ አልበቃህ ብሎ ነው?»

«በአላህ!» አለ ፈድሉ ወደኔ ዞሮ። «ለወንድምህ ለኃይለጊዮርጊስ ስነግረው ‹እኩል አድርጌ ነው የቀረጽኩት› ብሎ ማለልኝ። ዓይኔ እያየ!»

«ትንሿን መቼ ነበር ያገባሃት?»

«በ54፣ ጥቅምት። አጎቷ ሙሉ በሬ የበላ ዕለት።»

አንቺ የሄድሽው በ56 ግንቦት ነው። ከፈድሉ ወጥቼ የሰው ጣት እያየሁ ከተማውን ዞርኩ። አባትሽ የሠራላቸውን ሁሉ «መቼ ነው ያገባችሁት?» እላለሁ፤ አንዳንዱ ላገባ የተነሣሁ መስሎት መረቀኝ። የ51 ቀለበት ፊደሉ ሰፊ ነው። የ54 አንሷል። የ55 ጭራሽ ጭረት ነው። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ወናፍ ትነፊ በነበረበት ጊዜ፣ ከማንም ጋር ሳትጣዪ፣ የአባትሽ እጅ ለራሱም ሳይነግረው እየጠበበ ነበር። እኩል ቀረጽኩ ብሎ የማለው ውሸቱን አልነበረም።

እንግዲህ የሐዘኑ ክስ ተዘጋ ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ቤቴ አልዘለቀም። መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባችሁት በ53 ክረምት ነው። ከሐዘኑ ያወጣሽ ቀለበት ጭሱ ውስጥ መልሶ ዶለሽ። ያን ሌሊት እኔም እንዳንቺው አልተኛሁም።

ሚሲዮን ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። እምቢ አለ። «ልጄን የወሰዱ ይበቃቸዋል፤ እጄን አልሰጣቸውም» አለኝ፤ እሱም በዚያ አሁን ባመጣው ቀጭን ድምፁ። ቀሚሳቸው ነጭ እንደሆነ፣ ሐኪሙ የታወቀ እንደሆነ ለፈፍኩ፤ ንቅንቅ አላለም። መጨረሻ ላይ ሳላስበው አንድ ነገር አመለጠኝ።

«ባዜቃው ከሆነ እኮ፣ ጋሼ፣ ሐረግወይንም አብራህ ስባዋለች።»

ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደ። ቁልፉን መቆለፍ አቅቶት ሲታገል ላግዘው ብል እጄን ገፋው። ከፊቱ ምንም አላነበብኩም። ግን ወጣ፤ ቀድሞኝም ወጣ።

ሐኪሙ ረጅም ፈረንጅ ነው፤ ኦሮምኛው ከኔ ይሻላል፣ አማርኛው ከአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ የተቀዳ ነው። «አካም ቡልተን?» ብሎ እንዴት እንዳደርን ጠየቀን፤ አባትሽ «ነጋ»፣ ደህና፣ አለ። እትዬ ተናኜ ሳትጠራ ተከትላን ነበርና የመጀመሪያው ወንበር ላይ እሷ ተቀመጠች። ሐኪሙ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አየው። ብርጭቆ አስነሣው። ድዱን ገልጦ አየ። አስኬደው፣ አዞረው፣ ስሙን አስጻፈው። ከዚያ እንደ መርማሪ ዳኛ ጥያቄውን ዘረገፈው፤ ሙያዬ ስለሆነ ወደድኩለት።

«በኅዳር በሽታ ዘመን ልጅ ነበሩ። ታመው ነበር? ብዙ ተኝተው ነበር?»

«ያልተኛ ማን ነበር?» አለች እትዬ ተናኜ። «ያልተነሡትን ነው እኛ የምንቆጥር።»

ከዚያ ትኩሳት ከዓመታት በኋላ እንዲህ የሆኑ ሰዎች በአገሩ እንደነበሩ ነገረን፤ የአባትሽ ከዚያ ይሁን አይሁን ግን ማወቂያ የለውም። ሌላም ጠየቀ። ማንጋኒዝ የሚሉት ጥቁር ድንጋይ የሚቆፈርበት ቦታ ሠርቷል ወይ? በሌላ አገር የዚያን አቧራ የሳቡ ሠራተኞች እጃቸው ተንቀጥቅጧል። ቆላ ወርዶ ዲዲቲ ረጭቷል ወይ? ውኃችሁ የጉድጓድ ነው ወይ? ከቤተሰብ ሌላ የታመመ አለ ወይ? ሁሉንም «የለም፣ አይደለም» አልን። በመጨረሻ ትንሽ አፍሮ፦

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«እግዚኦ!» አለች እትዬ ተናኜ። «በወንድሜ አፍ ገብቶ አያውቅም!»

«እሱን ነው የምለው» አለ ሐኪሙ። «ከሚያጨሱ ሰዎች በዚህ በሽታ የሚያዙት ጥቂት ሆነው ነው የተገኙት። ምክንያቱ አይታወቅም። በሃይማኖቴ አይፈቀድም፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ ይላል።»

እትዬ ተናኜ አማተበች። ያን ዕለት ሚሲዮንንም ሳይንስንም በአንድ ጊዜ ንቃ ጨረሰች።

እኔ ስለ ባዜቃው ጠየቅኩ፤ ስለ ምድጃው፣ ስለ ክረምቱ፣ ስላንቺ ሁሉንም ነገርኩት። አልቸኮለም። «የባዜቃ እጅ ዕቃ ሊያነሣ ሲዘረጋ ነው የሚብሰው» አለ። «የእርሳቸው ዕቃ ሲያነሡ ይተዋል፤ ሲያርፉ ይመጣል። ድዳቸውም ደህና ነው። ባዜቃው አይመስለኝም።»

«በጭራሽ አይደለም ልበላት?»

«አይመስለኝም በላት። ጭሱ ለማንም አይበጅም፤ ምድጃውን ወደ ውጪ መልሱት። ግን ይህን በሽታ ምን እንደሚያመጣው… ሂን ቤክኑ። አናውቅም።»

«በእናንተም አገር?»

«እዚያም አናውቅም። እዚያ የማናውቀው በብዙ መሣሪያ ነው።»

ሐረግወይን፣ ይህ ነው ጠቅላላ ፍርዱ። አንቺን በሙሉ ልብ ነጻ ናት የሚል ወረቀት ላመጣልሽ ነበር የሄድኩት፤ ያገኘሁት «አይመስለኝም» ነው። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ። እኛ ፍርድ ቤት ተከሳሽ የሌለው መዝገብ አይከፈትም። ላም ጠፍታ ሌባ ካልተገኘ እንኳ እረኛው ይከሰሳል። አሁን ሳስበው ግን፣ እኛ ለአባትሽ እጅ ተከሳሽ የምንፈልገው ለእሱ ብለን አይመስለኝም። ገብርኤል ይሁን፣ ጭሱ ይሁን፣ አንቺ ሁኚ፣ ስም ያለው ነገር ሲሆን ይቀለናል። «አናውቅም» ከሚባል ነገር ጋር አንድ ቤት ማደር ከባድ ነው። አንቺም ጥፋተኛ ነኝ ስትዪ ትንሽ የሚቀልልሽ ይመስለኛል። እንዳይቀልልሽ ብዬ አይደለም፤ ግን ያልሠራሽውን ተሸክመሽ አትኑሪ።

እዚያ ክፍል ውስጥ አባትሽ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሐኪሙ «የሚጠይቁት አለ?» ሲለው ነው። ሐኪሙ ድምፁን ለመስማት ጎንበስ አለ።

«ልጄስ?» አለ አባትሽ። «አብራኝ ነበረች። እጇ…?»

ሐኪሙ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄደው በጣም ጥቂቱ እንደሆነ፣ ካንቺም እስካሁን ምልክት ካልታየ እንዳይሠጋ ነገረው። አባትሽ ራሱን ነቀነቀ። ያ ስለ ራሱ ምንም ያልጠየቀ ሰው።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ እኔን ያዝ አደረገኝና «ቤተሰቡ ‹ተቆጪ ሆኗል› ይላቸዋል?» አለኝ። ድሮም እንደሆነ ነገርኩት። ሣቀና፣ ከዚያ ሣቁን አቆመ። በሽታው እጅ ብቻ እንደማይዝ፣ የፊትንም ጡንቻ እንደሚይዝ፣ ፈገግታ ሊመጣ ሲል መንገድ ላይ እንደሚቀር፣ ዓይን እንኳ እንደ ሰው እንደማይርገበገብ ነገረኝ። «ሰው ሁሉ ‹ተቆጥተው ያዩኛል› ይላል» አለ። «ከውስጥ ያለውን ፊታቸው አያወጣላቸውም።»

መስቀል ትዝ አለኝ። አንቺ ጉልበቱ ላይ ተደፍተሽ፣ እሱ ቁልቁል ሲያይሽ። ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴትዮ እንኳ ያን ዕለት ከሱ ይልቅ ትሥቅ ነበር። እኔም ካንቺ እኩል ተታለልኩ፤ በልቤ ሰደብኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሐረግወይን ለመስቀል ስትመጣ ተቆጥተህ ነበር?»

ገበያውን አለፍን። የፈድሉን ሱቅ አለፍን። ያልሰማኝ መስሎኝ ሌላ ወሬ ልጀምር ስል፦

«ተቆጥቼ ነበር» አለ።

ትንሽ ሄድን።

«ደስም ብሎኝ ነበር። የቱም አልወጣልኝ አለ።»

የመጀመሪያውን ቃል ቆርጬ ሁለተኛውን ብቻ ብጽፍልሽ ይህ ደብዳቤ የበለጠ ያማረ ይሆን ነበር። ግን ምስክርነት እየቆረጥኩ ስጽፍ ኖሬ አላውቅም፤ ባንቺም አልጀምርም። ሁለቱንም ብሎታል፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

አሁን አፍ የሚያደርቅ ክኒን ይወስዳል። እጁን ትንሽ ያሳርፍለታል፤ እንደማያድነው ሐኪሙ አልደበቀንም። እትዬ ተናኜ ክኒኑን በጸበል ታስውጠዋለች፤ ገብርኤልም ሚሲዮኑም እንዳይከፋቸው ነው። ምድጃው ውጪ ወጥቷል። አዲስ ሥራ ግን አይቀበልም፤ የድሮውን ብቻ ይጠግናል። ድምፁ እንደ ቀለበቶቹ ጽሑፍ እያነሰ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ደጋግሜ «ምን አልክ?» ብለው ሰለቸውና ተወው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ትናንት «ጊምቢ አውቶቡስ መቼ መቼ ነው?» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ምናልባት እምቢ ወደ ማለት ይመለስ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ዲዴሳን በሰላም ከተሻገርን፣ ከቀትር በኋላ እንደርሳለን። እኔ አብሬው ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለዋጋሪም አንብቢለት። አባትሽን ሰሞኑን አዲስ ነገር ጀምሮታል። ደህና ሲሄድ ቆይቶ በር ላይ ሲደርስ እግሩን መሬት ይይዘዋል። በገዛ ቤቱም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ ሻይ ቤትም። መጀመሪያ ጊዜ ጎትቼው ሊወድቅብኝ ነበር። እናንተ በር ላይም ይቆማል። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያየዋል፤ ፊቱ እንደ መስቀሉ ዕለት ይሆናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለሚያየው ሁሉ የሚሲዮን ሰው ቤት አልገባም ያለ አባት ነው የሚመስለው። አትጎትቺው። አታልቅሺ። ዋጋሪም «ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ አያጣድፈው። አንድ ጭራሮ አምጪና እግሩ ፊት አጋድሚው፤ ያን ለመሻገር ሲል እግሩን ያነሣል። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ሐኪሙንም ጠይቄው ነበር፣ መልሱን ታውቂዋለሽ።

ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የቀረ ቁጣ ካለው ያውጣው። አንቺም የቀረሽ ካለ አውጪው፤ ብትጯጯሁም፣ ዋጋሪ ቢደነግጥም ግድ የለም፣ እኔ ውጪ እቆያለሁ። ብቻ ድምፁ እያለ ተጣሉ።

አጎትሽ ዘነበ